ከካሜራ ጋራ በሂማልያ በር

ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ፣ የአናፑርና ተራሮች እንደ ቅጥር ተያይዘው ከቆሙበት ጀርባ፣ የማናንግን ሸለቆ ከሙክቲናት መቅደስ ጋራ የሚያገናኝ አንድ ከፍተኛ የተራራ በር ይገኛል፤ ስሙ ቶሮንግ ላ፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 5416 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ደጀን ጫፉ ሳይቀር ከዚህ በር ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚቀር ሲሆን፣ በሂማልያ ሚዛን ግን ቶሮንግ ላ ከተራሮች ቍጥር አይገባም፤ በግራና በቀኙ ከ6000 ሜትር በላይ የሆኑ ጫፎች ቆመው በመካከላቸው ዝቅ አድርገው ይዘውታልና፣ ሰው የሚሻገርበት እንጂ የሚያርፍበት ስፍራ አይደለም።

ወደዚህ በር በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ እግረኛ ይወጣል፤ ከመካከላቸውም ካሜራ ያልያዘ አይገኝም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይዘዋቸው የሚመለሱት ሥዕሎች በአብዛኛው ከሁለት ዐይነት አያልፉም፤ አንደኛው ሰው የማይታይበት፣ ነጭ ተራራና ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ተጓዡ ራሱ በበሩ ላይ ከተተከለው የከፍታ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ነው። ሁለቱንም አልነቅፍም፤ ብዙ ቀን ደክሞ እዚያ የደረሰ ሰው ምልክት ይዞ ለመመለስ ቢመኝ ተገቢ ነው። ይሁንና ሁለቱም ስለ በሩ የሚነግሩን ጥቂት ነው። በር በር የሚባለው ሰው ስለሚያልፍበት ነውና፣ የመሻገሪያው ፎቶግራፍ ዋና ጉዳይ መሻገሩ ራሱ፣ ይኸውም የእግሩ፣ የሸክሙ፣ የትንፋሹና የመንገዱ ነገር ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የሚከተለው ሐተታም ይህ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚከብድ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ካሜራ ከመምጣቱ አስቀድሞ በሩ ነበረ። የማናንግ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱና ሸቀጣቸውን ጭነው በሙክቲናት በኩል ወዳለው ወደ ካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ የሚሻገሩት፣ ተሳላሚዎችም ወደ ሙክቲናት የሚወርዱት በዚሁ ነበር። የአናፑርና ዙሪያ መንገድ ለውጭ አገር እግረኞች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ከታወቁት የእግር መንገዶች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

በሂማልያ በሮች ላይ ፎቶግራፍ የማንሣት ታሪክ ግን ይህ መንገድ ከተከፈተበት ዓመት አንድ መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ መነሻውም ከኔፓል ወደ ምዕራብ፣ በሰሜን ሕንድ ተራሮች ነው። ሳሙኤል ቦርን የሚባል እንግሊዛዊ፣ በኖቲንግሃም ከተማ የባንክ ጸሐፊ የነበረ ሰው፣ የፎቶግራፍ ፍቅር ስለ በረታበት ሥራውን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ ሕንድ መጣና ከባልደረቦቹ ጋራ የፎቶግራፍ ቤት ከፈተ፤ ከዚያም በ1863፣ በ1864 እና በ1866 ወደ ሂማልያ ሦስት ታላላቅ ጉዞዎችን አደረገ። በሦስተኛው ጉዞው ማኒራንግ በተባለው በር ላይ ወጥቶ፣ እርሱ 18600 ጫማ ብሎ በመዘገበው፣ በሜትር ሲሰላ 5670 ግድም በሚሆን ከፍታ ላይ መልክዓ ምድሩን አነሣ፤ ከዚያ በኋላም ሃያ ዓመት ያህል ከዚያ በላቀ ከፍታ ላይ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አልተገኘም።

የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ እንዴት ይነሣ እንደ ነበር ማወቅ የድካሙን ልክ ያስረዳልና ጥቂት እንቈይበት። በዚያ ጊዜ ፊልም አልተፈጠረም፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በመስታወት ላይ ነበር። ፎቶ አንሺው አስቀድሞ ብርሃን የማያስገባ ድንኳን ይተክላል፤ መስታወቱን አጥቦና ወልውሎ ኮሎዲዮን የሚባለውን፣ በኤተርና በአልኮል የተበጠበጠ ዝልግልግ ፈሳሽ ያፈስበታል፤ በጣቶቹ ጫፍ ይዞም ፈሳሹ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ እንዲሸፍነው ወደ አራቱ ማዕዘን እያዘነበለ ያለብሰዋል፤ ቀጥሎ የብር ጨው በተሟሟበት ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ብርሃን ለመቀበል የበቃ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጥድፊያ ነው፤ መስታወቱ ሳይደርቅ፣ ማለት በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ወደ ካሜራው ሄዶ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ፣ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ መታጠብ አለበት፤ ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ይህን ረቂቅ ሥራ ጣት በሚደነዝዝበት፣ ነፋስ ድንኳኑን ለመንቀል በሚታገልበት፣ የማጠቢያው ውኃ ግግር በሚሆንበት፣ የኤተሩ ሽታ በተዘጋው ጨለማ ውስጥ ራስ በሚያዞርበት፣ በዚያም ላይ ትንፋሽ በሚያጥርበት ስፍራ የፈጸመ ሰው እውነተኛ ጽናት የነበረው ሰው ነው።

መስታወቱን፣ የመድኃኒት ጠርሙሶቹን፣ ድንኳኑንና ካሜራዎቹን እዚያ ያደረሰው ግን የእርሱ ጀርባ አልነበረም። በዐሥሮች የሚቈጠሩ የተራራው ሰዎች ተሸክመው አወጡት፤ ቦርን ራሱ ለአገሩ የፎቶግራፍ መጽሔት በጻፋቸው የጉዞ ትረካዎች፣ ተሸካሚዎቹ ብርዱና ድካሙ ሲበዛባቸው ሸክሙን ጥለው እንደ ሸሹ፣ እርሱም በዱላ እንዳስገደዳቸው ሳይሸሽግ ተርኳል። የሥዕሎቹ ጥራት እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስደንቅ ነው፤ መስታወቱን በጀርባቸው ያወጡትን ሰዎች ስም ግን ከሥዕሎቹ ግርጌ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ይህ ጉድለት ከዚያ ዘመን ጋራ አብሮ አልተቀበረም፤ ዛሬም በየመጽሔቱ ከሚታተሙት የሂማልያ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተራራውን ስምና ከፍታ በጥንቃቄ ጽፈው፣ በሥዕሉ መካከል ቆሞ የሚታየውን ሰው «አንድ ተሸካሚ» ብለው ያልፉታል።

ከቦርን በኋላ የመጣው ታላቅ ሰው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ሴላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ከእንግሊዛዊው ዳግላስ ፍሬሽፊልድ ጋራ ካንቼንጁንጋን፣ በዓለም በከፍታ ሦስተኛ የሆነውን ተራራ ሲዞር፣ እርጥቡ መስታወት በደረቅ መስታወት ተተክቶ ስለ ነበር ከጨለማው ድንኳን ሸክም ተገላግሎ ነበር። የሴላ ጥበብ በተለይ የቆመበትን ቦታ በመምረጥ ላይ ነበር፤ ታላቅ ተራራ ከግርጌው ሆነው ሲያዩት ትከሻው ራሱን ይሸፍነዋል፤ ፊት ለፊቱ ካለው ዳገት አጋማሽ ሆነው ሲያዩት ግን ሙሉ ግዝፈቱን ይገልጣል፤ ስለዚህ ሴላ ከባዱን ካሜራ ይዞ ተቃራኒውን ዳገት ይወጣ ነበር። 

አሁን ወደ ቶሮንግ ላ እንመለስ። ነባሩ መንገድ የሚጀምረው 760 ሜትር ከፍታ ካላት ቤሲሳሃር ከምትባል ከተማ ነው፤ ከዚያ የማርስያንግዲን ወንዝ ተከትሎ በሩዝ እርከኖችና በጥድ ደኖች መካከል ሲወጣ ይቈይና፣ ከአናፑርና ጀርባ ሲዞር ምድሩ ሁሉ በድንገት ይለወጣል። ከደቡብ የሚመጣውን የክረምት ደመና ተራሮቹ አግደው ዝናቡን በዚያኛው ወገን ስለሚያስቀሩት፣ በዚህኛው ወገን ያለው አገር ደረቅና ቡናማ፣ አየሩም እጅግ የጠራ ነው። ይህ ለውጥ ለፎቶ አንሺ ብዙ ትርጕም አለው፤ በታችኛው ሸለቆ እርጥበቱ ርቀቱን በሰማያዊ ጉም ስለሚሸፍነው ዐይን የቅርቡን ከሩቁ በቀላሉ ይለያል፤ በላይኛው አገር ግን ጉሙ ስለማይኖር አንድ ቀን የሚያስኬደው ተራራ በእጅ የሚዳሰስ መስሎ ይታያል፤ በሥዕሉም ላይ የርቀት ስሜት ይጠፋል። ይህን ስሜት መልሶ የሚያመጣው በሥዕሉ ውስጥ ልኩ የሚታወቅ ነገር ማስገባት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፈረስ፣ ወይም ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ በሬ በዳገቱ ላይ እንደ ነጥብ ሲታይ፣ ተመልካቹ ያን ጊዜ ብቻ የተራራውን መጠን ይረዳል።

ስለ ካሜራ ብዙ ከመናገር በፊት ስለ ትንፋሽ መናገር ግድ ነው። በቶሮንግ ላ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይጎድላል። ሰውነት ይህን ጉድለት በጕልበት አያሸንፈውም፤ ቀስ እያለ በቀናት ብዛት ይለምደዋል እንጂ። ስለዚህ ሐኪሞች ከ3000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የሚያድርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፍ ይመክራሉ። ምክሩን የናቀ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል፤ ይህን ምልክት ችላ ብሎ መውጣቱን ከቀጠለ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ወይም አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ ሁለቱም በአጭር ጊዜ የሚገድሉ ናቸው፤ ዋናው ፈውሳቸውም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የሂማልያ የነፍስ አድን ማኅበር በማናንግ የሕክምና ጣቢያ ያለው ሲሆን፣ በጉዞ ወራት ሐኪሞቹ ስለዚሁ ሕመም ለተጓዦች ያስተምራሉ።

የሰው ልጅ ከዚህ ከፍታ ጋራ እንዴት እንደሚላመድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሦስት ደገኛ ሕዝቦችን ሲያነጻጽሩ ኖረዋል፤ እነርሱም የቲቤት፣ የአንዲስና የኢትዮጵያ ደገኞች ናቸው። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን የበዛ ነው፤ የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በሌላ መንገድ ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠናቸው በባሕር ወለል ከፍታ እንደሚኖሩ ሰዎች ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን የደጋ ሰው ሁሉ ቶሮንግ ላን በሩጫ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ከ5000 ሜትር በላይ ያለው ምድር ለማንም ቋሚ መኖሪያ ለመሆን እጅግ የሚከብድ ነው። በኔፓልም ቢሆን ተሸካሚዎቹ ሁሉ የከፍታው ተወላጆች ይመስሉናል እንጂ፣ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው ኮረብታማ አገር ለእንጀራ የወጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ሕመሙም እንደ እንግዳው ይይዛቸዋል።

በማናንግ የሚደረገው ዕረፍት ለሰውነት የታዘዘ ቢሆንም፣ ለፎቶ አንሺ ከመንገዱ ሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ጊዜ ነው ማለት እወዳለሁ። መንደሪቱ 3500 ሜትር ግድም ላይ የተሠራች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተካቡ፣ ጣራቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ በጣራውም ጠርዝ ላይ ለብርዱ ወራት የሚሆን ማገዶ ተደርድሮ የሚታይባት ናት፤ ከፊት ለፊቷ 7455 ሜትር ከፍታ ያለው ጋንጋፑርና ቆሞ፣ የበረዶ ግግሩ ቀልጦ የፈጠረው ሐይቅ ከግርጌው ተኝቷል። እዚያ የሚያርፍ ሰው ቸኩሎ የሚሄድበት ስለሌለ፣ ያንኑ ተራራ በማለዳ፣ በቀትርና በሠርክ ያየዋል፤ ብርሃኑ ከየት ወገን መጥቶ የትኛውን ገደል እንደሚገልጥ ያጠናል፤ ከሰዎቹም ጋራ ሻይ ጠጥቶ፣ ስማቸውን ጠይቆ፣ ሥዕላቸውን ለማንሣት ያስፈቅዳል። በበሩ ላይ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜም ትንፋሽም አይኖርም።

በበረዶ ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚገጥመው አንድ ፈተና አለ፤ እርሱም ነጩ በረዶ በሥዕሉ ላይ የቈሸሸ ግራጫ ሆኖ መውጣቱ ነው። ጥፋቱ የበረዶው አይደለም። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ፊቱ ሁሉ ነጭ ሲሆንበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው መለኪያው ከሚያዝዘው ላይ ከአንድ እስከ ሁለት እርከን መጨመር አለበት፤ አንድ እርከን ማለት የብርሃኑን መጠን እጥፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ ከጨመረ ደግሞ የበረዶው ገጽ፣ በነፋስ የተፈተለው ሽንትርና የእግር ዱካው ሁሉ በንጣቱ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ ይህም በኋላ በምንም ጥበብ አይመለስም። አስተዋይ ሰው ሥዕሉን ካሜራው ሳያቀነባብርበት በጥሬው ያስቀምጣል፤ ከአንዱ ትዕይንትም በተለያየ የብርሃን መጠን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሣል።

ሌላው የከፍታ ምሥጢር የጥላው ቀለም ነው። በፀሐይ የተመታው በረዶ ነጭ ወይም ወርቃማ ሲሆን፣ በጥላ ውስጥ ያለው በረዶ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ብቻ ነውና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አንዳንዶች ይህን ሰማያዊነት እንደ ስሕተት ቈጥረው በኋላ በኮምፒዩተር ያጠፉታል፤ እኔ ግን ብርዱ በሥዕል ላይ ሊታይ የሚችለው በእርሱ ነውና አይጥፋ እላለሁ። ወደ ላይ በወጣን መጠን ሰማዩ ራሱ እየጠቈረ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው አየር ሳስቶ ብርሃኑን የሚበትነው ጥቂት ስለሆነ ነው። በቆላ የሰማይን ሰማያዊነት ለማድመቅ የሚያገለግለው ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ በዚያ ከፍታ ሰማዩን ጥቍር ሊያደርገው ስለሚችል፣ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ለካሜራው ከሚደረገው ጥንቃቄ ይልቅ ለዐይን የሚደረገው ይበልጣል፤ አዲስ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ጨረር መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ያለ ጥቍር መነጽር የዋለ ሰው ወደ ማታ ዐይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል እየተቃጠለ ለጊዜው ብርሃኑን ያጣል።

ብርዱ ባትሪን ያደክማል። በባትሪው ውስጥ ያለው የኬሚካል ሥራ በቅዝቃዜ ስለሚዘገይ፣ ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ሌሊት ከቦርሳ ሲወጣ ባዶ መስሎ ይታያል፤ ሲሞቅ ግን ኃይሉ አብዛኛው ይመለስለታል፤ ስለዚህ ተጓዦች ባትሪያቸውን ቀን በደረት ኪሳቸው፣ ሌሊት በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ ያኖሩታል። በፊልም ዘመን ደግሞ ፊልሙ በብርድ ይደርቅና ይሰበር ነበር፤ በችኰላ ከተጠቀለለም ከሰበቃው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሥዕሉ ላይ የመብረቅ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ይተው ነበር። ከብርድ ወደ ሙቀት መግባትም ከብርዱ ያላነሰ ጉዳት አለው፤ ከውጭ የመጣ ቀዝቃዛ ካሜራ በምድጃ ወደ ሞቀው የማረፊያ ቤት ምግብ ክፍል በገባ ጊዜ የክፍሉ እርጥበት በሌንሱ ላይና በውስጡ ጤዛ ይሆናል። ከመግባት አስቀድሞ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ይበቃል፤ ጤዛው በከረጢቱ ላይ ያርፋል፤ ካሜራው ሞቆ ከክፍሉ ጋራ እስኪስተካከልም ሳይፈቱት መቈየት ነው።

ከማናንግ በኋላ መንገዱ ዛፍ ወደሌለበት ይወጣል፤ መጨረሻ የሚታደርባቸው ስፍራዎችም 4450 ሜትር ግድም ላይ ያለው ቶሮንግ ፌዲ፣ ወይም ከእርሱ በላይ ያለው፣ ወደ 4900 ሜትር የሚጠጋው ከፍተኛ ሰፈር ናቸው። ጉዞው የሚነሣው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በበሩ ላይ ብርቱ ነፋስ ስለሚነሣ ከዚያ አስቀድሞ መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ በግንባር የታሰሩ መብራቶች በዳገቱ ላይ ተራ በተራ ሲወጡ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ተሸካሚውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ዶኮ የሚባለው የቀርከሃ ቅርጫት ከጀርባው ነው፤ ክብደቱ ግን የተንጠለጠለው ናምሎ በሚባለው ሰፊ ጠፍር ከግንባሩ በላይ በአናቱ ላይ ነው፤ ስለዚህም አንገቱን አቅንቶ፣ ዐይኑን ከፊቱ ሁለት እርምጃ በማይበልጥ መሬት ላይ ተክሎ ይሄዳል። በእጁ የያዘው አጭር ምርኵዝ ራሱ የተጋደመ መስቀለኛ እንጨት ነው፤ ቶክማ ይሉታል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ሸክሙን ሳያወርድ ምርኵዙን ከቅርጫቱ ሥር ያቆመውና ክብደቱን በእርሱ ላይ አሳርፎ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ከዚያ እንደ ገና ጥቂት ይራመዳል። ጎሕ ሲቀድ የጠፍሩ ጠርዝ በግንባሩ ላይ ያተመው ጐድጓዳ መስመር፣ በቅንድቡ ላይ የረጋው አመዳይ፣ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎትም በጎን ብርሃን ጐልተው ይታያሉ። ይህን ሥዕል ለማንሣት ትልቅ ሌንስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በማናንግ ሳሉ መተዋወቅ፣ በዚያም ማለዳ ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ ለመውጣት የሚበቃ ትንፋሽ ነው። እርሱ ሸክሙን ይዞ እንዲቆምልን ማዘዝ ግን ግፍ ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ ያለ ምክንያት የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ ከእርሱ ጕልበት ይከፈላልና፣ ፎቶ አንሺው በእርሱ እርምጃ ይሂድ እንጂ እርሱን በራሱ ምቾት አያቁመው።

በበሩ ላይ ከድንጋይ ክምር ጋራ የታሰሩ ብዙ የጸሎት ጨርቆች በነፋሱ ይውለበለባሉ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ናቸው፤ በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ ሰማይን፣ ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና ምድርን ያመለክታሉ፤ ነፋሱም በላያቸው የታተመውን ጸሎት ወደ ፍጥረት ሁሉ ያዳርሰዋል ብለው ያምናሉ። እዚያ የደረሰ ሰው ሐሳቡ የዛለ፣ ጣቱ የደነዘዘ ነው፤ የኦክስጅን ጉድለት ማሰብን ራሱን ስለሚያዘገይ፣ በቆላ ዘወትር የሚሠራበትን የካሜራ ቁልፍ ፈልጎ ያጣዋል። ስለዚህ ዝግጅቱን ሁሉ ማታ በመብራት መጨረስ፣ በበሩ ላይም ጥቂት አንሥቶ መውረድ የተሻለ ነው።

የበሩን ጽኑነት የዘነጋ ሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2014 የሆነውን ያስታውስ። ሁድሁድ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሕንድን ከመታ በኋላ ቅሪቱ ወደ ኔፓል ተራሮች ገባና፣ የሰማዩ ጥራት በሚታወቅበት በጥቅምት ወር መካከል ከባድ የበረዶ ውሽንፍር አወረደ። በቶሮንግ ላና በአካባቢው በዚያ አደጋ ቢያንስ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ተጓዦች ብቻ ሳይሆኑ መንገድ መሪዎችና ተሸካሚዎችም ነበሩባቸው። በውሽንፍር ውስጥ ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ ዳገትና ገደል አይለዩም። መንገድ መሪው «እንመለስ» ባለ ጊዜ፣ የሚጠብቁት ብርሃን ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ካሜራውን ከትቶ መመለስ ግዴታ ነው።

ከበሩ ወዲያ ያለው ቁልቁለት 1600 ሜትር ያህል ወደ ሙክቲናት ይወርዳል፤ ጉልበትን የሚፈትን ነው፤ ብዙዎች ከማናንግ ወደ ሙክቲናት እንጂ ከሙክቲናት ወደ ማናንግ የማይሄዱበት ምክንያትም ይህ ነው፤ ያን ሁሉ ከፍታ በአንድ ቀን መውጣት ለጤና አደገኛ ነውና። በምዕራብ 8167 ሜትር ከፍታ ያለው ዳውላጊሪ ይታያል። ሙክቲናት ለሂንዱዎችም ለቡድሂስቶችም ቅዱስ ስፍራ ነው፤ በቅጽሩ ውስጥ 108 የውኃ መውረጃዎች በግማሽ ክብ ተደርድረው ተሳላሚዎቹ በቀዝቃዛው ውኃ ሥር እየሮጡ ያልፋሉ፤ በአቅራቢያው ባለው በጅዋላ ማይ መቅደስ ደግሞ ከምድር የሚወጣ ጋዝ በውኃ ምንጭ አጠገብ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ይነድዳል። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ ውስጥ ማን ይገባል፣ ምንስ ይነሣል የሚለውን ሥርዓት የምናውቅ ሰዎች፣ የሌላውን እምነት ቅጽር በካሜራ ከመድፈር በፊት መጠየቅ እንዳለብን መካሪ አያሻንም፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ በጸሎት ላይ ያለ ተሳላሚ ያለ ፈቃዱ ሊነሣ አይገባውም። ከታች በካሊ ጋንዳኪ አሸዋ ውስጥ ሂንዱዎች ሻሊግራም ብለው የሚያከብሯቸው ጥቍር ድንጋዮች ይገኛሉ፤ በውስጣቸው የተጠቀለለ የጥንት ባሕር እንስሳ ቅሪት አለ፤ የሕንድ ምድር ከእስያ ጋራ ሳይጋጭ በፊት ይህ አገር ሁሉ የባሕር ወለል ነበረና።

ዛሬ የጂፕ መንገድ ከምሥራቅ እስከ ማናንግ፣ ከምዕራብም እስከ ሙክቲናት ደርሷል። ይህን እንደ ጥፋት የሚቈጥሩ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሕመምተኛን ወደ ሐኪም፣ ጨውንና መድኃኒትን ወደ መንደር በቶሎ የሚያደርስ መንገድ በመምጣቱ የማናንግ ሰው ደስ ቢለው እውነት አለው እላለሁ። በጂፕ የማይታለፈው በመካከል ያለው በሩ ብቻ ነው። በታችኛው አገር በኩል ግን አሮጌው የእግር መንገድ እየተተወ ነውና ሳይጠፋ ሊነሣ የሚገባው ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉም በፊት ቻውታራ የሚባለው የድንጋይ ማረፊያ ነው። የመንደሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለሞተ ዘመዳቸው መታሰቢያ እንዲሆን በመንገድ ዳር፣ በትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር ይሠሩታል፤ የድንጋዩ እርከን ቁመት የተለካው ቆሞ ከሚሄድ ተሸካሚ ቅርጫት ግርጌ ጋራ ነው። ባዶውን ያነሣው ሰው ጥሩ ግንብ ያሳየናል፤ ተሸካሚው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጠፍሩን ከራሱ ላይ ሳያወርድ ቅርጫቱን በእርከኑ ላይ ሲያሳርፍ ያነሣው ግን፣ ከሥር የሰውዬውን ስም፣ የመንደሩን ስምና ማረፊያው የተሠራለትን ሟች ስም ከጻፈበት፣ ግንበኛው ያን ቁመት ከየት እንዳገኘው ያሳየናል።